ከማርች 8 ማግስት፦ ወንዶች በቤትና በመሥሪያ ቤት ምን ይሥሩ?

የሴቶች ቀን የሚከበርበት ማርች 8 ሲደርስ ባሕር ዳር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ደምቀው ይውላሉ። ኬክ ይቆረሳል። ቡና ይፈላል። ኃላፊው ተነሥቶ ስለ እናቶችና ስለ እህቶች ጥሩ ጥሩ ነገር ይናገራል። በማግስቱ ስብሰባ ሲጠራ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ያችው ልጅ ናት። ለመስክ የሚወጡት እነዚያው ወንዶች ናቸው። ማታ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ጓዳ የምትገባውም ያችው ሴት ናት።

ይህ መመሪያ ለዚያ ማግስት ነው። የምጽፈው ለወንዶች ነው፤ ለባል፣ ለወንድም፣ ለአባት፣ ለአለቃ። ሴቶች ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው አጥተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ወንዱ ነገ ጠዋት ተነሥቶ ሊሠራው የሚችለውን መናገር እፈልጋለሁ። "ምን ላድርግ?" ብለው ከልባቸው የሚጠይቁ ወንዶች አሉ። ጥያቄያቸው ተጨባጭ መልስ ይገባዋል።

መልሴ በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድን ሥራ ስትይዝ ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው ያዘው። አስታዋሽ አያስፈልግህ። ቤትም ይሁን ቢሮ ሴቶችን የሚያደክማቸው የጉልበቱ ሥራ ብቻ አይደለም። ሁሉንም ነገር ማስታወስ፣ ማሰብና መከታተል የእነሱ ዕዳ መሆኑ ነው። ከታች የዘረዘርኳቸውን ሁሉ በአንድ ሳምንት እፈጽማለሁ አትበል። ከቤት ጀምር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምራ ስትሯሯጥ የቆየች ሴት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ስትገባ ግማሽ ቀን ሠርታለች።

1. መጀመሪያ ጻፈው

አንድ ወረቀት ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፍ። ሦስት ዓምድ አስምርበት፦ ማን አሰበው፣ ማን ሠራው፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ። ለአንድ ሳምንት በቤቱ ውስጥ የተሠራውን ሁሉ ሁለታችሁም ጻፉ። ትንሽ ነው ብላችሁ አንዱንም አትለፉ።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓምድ ብዙ ሰው ይገምተዋል። ጉዳዩ ያለው የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነው። ዘይቱ ሊያልቅ መሆኑን ማን አየ? ልጁ ለዓርብ ነጭ ካልሲ እንደሚያስፈልገው ማን ያዘ? የእናትህ የደም ግፊት መድኃኒት ስንት ፍሬ እንደቀረው የሚያውቀው ማነው? የእድር መዋጮ፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ የክርስትና ልጅ ስጦታ፣ የክትባት ቀጠሮ ማን ልብ ውስጥ ነው ያለው? ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ሌሊት ቧንቧው ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ባልዲና ጀሪካን ለመደርደር የሚነሣው ማነው?

በሳምንቱ ውስጥ በወረቀቱ አትከራከሩ። ዝም ብላችሁ መዝግቡ። እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ሲተኙ ወይም ሲጫወቱ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የአንተ ስም የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ተመልከት። ሚስትህን "ለምን አልነገርሽኝም?" አትበላት። መንገሩም ራሱ ሥራ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ የእሷ ስም ነው የሚጻፍበት።

2. ሙሉ ሥራ ተረከብ

ወረቀቱን ካነበባችሁ በኋላ ከዝርዝሩ ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ምረጥና ተረከብ። ምርጫው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወንዶች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት አልፎ አልፎ የሚመጣውን ነው፤ የበዓል በግ መግዛት፣ የተበላሸ ሶኬት መጠገን፣ በወር አንዴ የቤት ኪራይ መክፈል። እነዚህም ሥራ ናቸው፤ ግን አንተ በተመቸህ ሰዓት ይሠራሉ። ከባዱ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣው ነው። ልጆችን ቀስቅሶ፣ አጥቦ፣ ቁርስ አብልቶ፣ ምሳ ዕቃ ቋጥሮ ትምህርት ቤት ማድረስ። ከራት በኋላ ዕቃ ማጠብ። ሌሊት የሚነሣውን ሕፃን ማባበል። ቢያንስ አንዱ ሥራህ ከእነዚህ ይሁን።

ሙሉ ሥራ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በእንጀራ ላሳይ። እንጀራ ማለት መጋገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ በፊት ጤፉ ሊያልቅ መሆኑን ማወቅ አለ። ዋጋ ጠያይቆ መግዛት አለ። አስነፍቶ ወፍጮ ቤት መውሰድ፣ ወረፋ መጠበቅ፣ አስፈጭቶ መመለስ አለ። ከዚያ እርሾ ገብቶበት ይቦካል። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ላዩ ላይ የጠለለው ውኃ ይደፋል፤ ለሚቀጥለው እርሾ የሚሆነው ይቀመጣል። ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ አብሲት ይጣላል። ሲበርድ ወደ ሊጡ ይመለሳል። ኩፍ ሲል ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል። ጋገራው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት መብራት ከጠፋ ደግሞ ሊጡ እንዳይኮመጥጥ መብራት የሚመጣበትን ሰዓት ጠብቆ እኩለ ሌሊትም ቢሆን መነሣት አለ።

"የእንጀራውን ነገር ለእኔ ተዪው" ካልክ ይህን ሁሉ ተረከብክ ማለት ነው። ሁሉንም በገዛ እጅህ መሥራት የለብህም። ከጋጋሪ መግዛት ትችላለህ። ግን ስንት እንደሚበቃ የምትቆጥረው፣ የምታዝዘው፣ ሄደህ የምታመጣው አንተ ሁን። መሶቡ ባዶ ሆኖ ከተገኘ መልስ የምትሰጠውም አንተ ነህ።

ርክክቡ እንዲሠምር እነዚህን ያዝ፦

አንድ ጊዜ በደንብ ተማር። "አንድ ቀን አብረሽኝ ሥሪና አሳዪኝ" በላት። ከዚያ በኋላ "በርበሬው የት ነው?"፣ "ስንት ጭልፋ ልጨምር?" እያልክ ከመኝታ ቤት አትጥራት። ራስህ ፈልግ። ቤቱ የአንተም ነው።

መለኪያውን ቀድማችሁ ተስማሙ። ንጹሕ ማለት ምን እንደሆነ፣ ልጁ ስንት ሰዓት መተኛት እንዳለበት ተነጋገሩ። ከተስማማችሁ በኋላ እሷም ከኋላህ ሆና አትቆጣጠር። ይህን እኔ ለሴቶችም እላለሁ፦ ሽሮው ቀጠነ ብለሽ ጭልፋውን አትቀሚው። ነገ ይወፍራል።

ስታጎድል ራስህ አስተካክል። የልጁን መክሰስ ከረሳህ ባጃጅ ይዘህ ሄደህ አድርስ። ስልክ ደውለህ "አሁን ምን ይሻላል?" ካልክ ሥራው ተመልሶ እሷ ራስ ላይ ወጣ።

3. ሠራተኛ ካለች

ባሕር ዳር ውስጥ ሁለቱም ደመወዝተኛ የሆኑበት ቤት ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ አለው። እዚህ ላይ መድረቅ አለብኝ። ባልና ሚስት "እኛ ቤት እኩልነት አለ" ሲሉ የሁለቱንም ሥራ ከገጠር የመጣች አንዲት ወጣት ተሸክማው ከሆነ እኩልነቱ በእሷ ትከሻ ላይ የቆመ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ ሥራን አይሸፍንም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው በሚያወጣው ደንብ ይታያል ይላል። ስለዚህ የዚህች ልጅ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የተንጠለጠለው በእናንተ ኅሊና ላይ ነው። እነዚህን ዛሬ አድርጉ፦ ደመወዟን በቀኑ በራሷ እጅ ወይም በራሷ የባንክ ደብተር ስጧት፤ ለአጎቷ ወይም ለደላላው አትስጡ። በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይኑራት። ከውስጥ የሚቆለፍ መኝታ ይኑራት። የማታ ትምህርት ከፈለገች መዝግቧት፤ እሷ ክፍል በምትሆንበት ሰዓት ራቱን የምታቀርበው አንተ ሁን። ዕድሜዋ ገና ከሆነ ደግሞ ቦታዋ ትምህርት ቤት እንጂ የሰው ጓዳ አይደለም።

4. ገንዘቡና ወረቀቱ

በክልላችን በአማራ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት በማንም ስም ቢመዘገብ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ነው። ሕጉ ይህን ቢልም ቤት ውስጥ ያለው ልማድ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሴቶች የባላቸው ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ ዕቁቡ መቼ እንደሚወጣ፣ ማን ምን ብድር እንዳለበት አያውቁም። ቁጭ በሉና ሁሉንም በአንድ ደብተር ላይ አስፍሩ። ደመወዝ፣ ዕቁብ፣ ብድር፣ ለወላጅ የሚላክ። የቤቱ ካርታ፣ የባጃጁ ሊብሬ፣ የባንክ ደብተሩ የት እንዳለ ሁለታችሁም እወቁ።

ወላጆችህ ጢስ ዓባይ ወይም ዘጌ ወይም ሌላ ገጠር ካሉ የመሬቱን ደብተር እይ። በክልላችን የባለትዳሮች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶ ይይዛል። እናትህ ደብተሩ ላይ መኖሯን አረጋግጥ።

ስለ ውርስ አንድ ነገር ልጨምር፤ የወንድም ፍቅር የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አባት ሲሞት ሽማግሌዎች እህትየዋን "አንቺ ባል አለሽ፣ ለወንድምሽ ልቀቂለት" ይሏታል። እሷም ቤተሰብ እንዳይቀየማት ትለቃለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንተ ወንድሟ ከሆንክ ሽማግሌ ሳይናገር ቀድመህ ተናገር፦ "እህቴ ድርሻዋን ትወስዳለች፤ በዚህ ላይ ሽምግልና አያስፈልግም።" ይህ ቃል ከአንተ አፍ ሲወጣ ነገሩ ያልቃል። እሷ ብትለው ግን "ስግብግብ" ትባላለች።

5. ልጅ ሲወለድ

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንክ አዋጅ 1156/2011 ሚስትህ ስትወልድ ከነደመወዙ 3 ተከታታይ ቀን ይሰጥሃል። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ነበር፤ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ከሰው ሀብት ክፍልህ ጠይቅ። የክልል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆንክ የሰው ሀብት ክፍልን የክልሉን ደንብ ጠይቅ። ሦስት ቀን የገንፎው ምንቸት እንኳ ሳይወርድ ያልቃል። ስለዚህ ቀድመህ አስብበት። በአዋጅ 1156 የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። እርግዝናው እንደታወቀ ለአለቃህ ንገር፤ የዓመት ፈቃድህን አትበትነው። ከአባትነት ፈቃዱ ጋር ቀጥለህ ውሰደው።

ፈቃዱን የእንግዳ መቀበያ አታድርገው። አራስ ጠያቂ ሲመጣ ከሰው ጋር ሳሎን መጫወት ሥራ አይደለም። ሕፃኑ ከጠባ በኋላ አቅፈህ አስገሳው። ጨርቁን ቀይር። የተነከረውን እጠብ። ሌሊት ሲያለቅስ አንሥተህ ለእናቱ ስጥ፤ ሲጠግብ ተቀብለህ አስተኛው። እናትህ ወይም አማትህ "ተው አንተ ወንድ ነህ፣ እኛ አለን" ቢሉ በትሕትና "እማዬ፣ ልልመደው" በልና ቀጥል። እግረ መንገድህንም የተወለደችው ሴት ከሆነች እልልታው ለወንድ የሚባለውን ያህል እንዲሆን ቀድመህ አሳስብ። አያቶች ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።

እናት በአዋጅ 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ሕፃን ደግሞ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ነው ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት። ፈቃዱ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። በመሃል ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምትሞሉት ሳትወልድ ተነጋገሩ። መሥሪያ ቤቷ የሕፃናት ማቆያ አለው? ከሌለው በምሳ ሰዓት ሕፃኑን ይዞላት የሚሄደው ማነው? አንተ መሆን ትችላለህ?

6. ስብሰባ ላይ

አሁን ወደ ቢሮ እንግባ። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው ተረት በየስብሰባው ይፈጸማል። አንዲት ባለሙያ ሐሳብ ታቀርባለች። ዝም ይባላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ወንድ ያንኑ ሐሳብ በወፍራም ድምፅ ይደግመዋል። ሰብሳቢው "በጣም ጥሩ፣ ይያዝ" ይላል። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው የሱ ስም ነው። የሚጽፈው ደግሞ የእሷ እጅ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ካለህ የምትለው ይህ ነው፦ "ይቅርታ፣ ይህን ሐሳብ ቅድም እህታችን አንሥታው ነበር። እሷ ብትጨርሰው።" ከዚያ ዝም በል። አንተ አታብራራላት። ከተቋረጠችም እንዲሁ፦ "አንዴ ትጨርስ።" ድምፅህን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ስብሰባ ላይ ከተደጋገመ ሌሎቹም ይለምዱታል።

ቃለ ጉባኤ መያዝን በተራ አድርጉት። ቡናና ሻይ ማቅረብንም እንዲሁ፤ ለሥራው የተቀጠረ ሰው ከሌለ ተራ ይውጣ፣ የመጀመሪያው ተራ የአንተ ይሁን። ስኒ ማጠብም አብሮ ይቆጠራል።

ሌላው ከቢሮ ውጭ ያለው ስብሰባ ነው። ከተማችን ደስ የሚል ልማድ አላት፤ ከሥራ በኋላ ሐይቁ ዳር ወርዶ ዓሣ ጉላሽ ወይም ዓሣ ዱለት አዝዞ፣ ነፋሱን እየተቀበሉ መጨዋወት። ችግሩ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሥራ ነገር መወሰኑ ነው። ማን ለሥልጠና ይሂድ፣ የትኛው ቦታ ሊከፈት ነው፣ ማን ቢያመለክት ይሻላል የሚባለው እዚያ ነው። በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ልጅ ለማውጣት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመዋል። መዝናናቱን ማንም አይከለክልህም። ግን ወሬው ወደ ሥራ ሲዞር "ይህን ነገ ቢሮ ሁላችንም ባለንበት እንየው" በል። ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን ሰምተህ ከሆነ በማግስቱ ለሴት ባልደረቦችህ ንገር። መረጃ ለብቻ ሲያዝ ነው ዕድገት ለብቻ የሚሆነው።

7. መስክ፣ አበልና ሥልጠና

በዚህ ከተማ በቢሮ ሠራተኞች መካከል ትልቁ ልዩነት የሚፈጠረው በመስክ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ደመወዙ እኩል ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 ለሴት ሠራተኞች ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ደንግጓል። ግን ወደ ወረዳ የሚወጣው አበል ያገኛል። ወረዳውን ያውቃል። ሪፖርት ይጽፋል። ስሙ በኃላፊው ዘንድ ይታወቃል። የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ሲወጣ "የመስክ ልምድ" የሚለው መስፈርት ላይ ሙሉ ነጥብ የሚይዘው እሱ ነው። ሴቷ የምትቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በደግነት ስም ነው። "ልጅ አላት።" "መንገዱ ይከብዳታል።" "ማደሪያ የለም።" ማንም ግን አልጠየቃትም።

ቡድን መሪ ከሆንክ እንዲህ አድርግ። ያለፉትን 6 ወራት የመስክ ስምሪት ከፋይናንስ ወይም ከመዝገብ ቤት አውጣና ማን ስንት ጊዜ እንደወጣ በስም ጻፍ። ወረቀቱን ለራስህ ብቻ አትያዘው፤ ለቡድኑ አሳይ። ከዚያ በኋላ ስምሪቱ በተራ ይሁን። ተራዋ የደረሰችውን ሴት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመህ ንገራት፤ ማታ ደውለህ "ጠዋት 12 ሰዓት መኪናው ይነሣል" የምትላት ከሆነ በሰበብ አስቀረሃት ማለት ነው። የማደሪያውን ነገር በበጀቱ ውስጥ አስብ፤ የሚቆለፍ የራሷ ክፍል ይያዝላት። አልችልም ካለች ተራዋን ወደ ሚቀጥለው አዛውር፣ አትሰርዘው። መንገዱ ለደኅንነት የሚያሠጋ ከሆነ ለሴቷ ብቻ አያሠጋም፤ ለሁሉም በአንድ መስፈርት ወስን።

አሁን ደግሞ ቤት ያለኸው ባል ስማ። ሚስትህ "ለአምስት ቀን መስክ ልወጣ ነው" ስትልህ የመጀመሪያ መልስህ "ልጆቹስ?" አይሁን። "መቼ ትነሺያለሽ?" ይሁን። እህትህን ወይም እናትዋን ከገጠር አስመጥተህ ቤቱን አታስረክብ። ራስህ ያዝ። የአምስት ቀኑን ምሳና ራት ቀድመህ አስብ። የልጆቹን ዩኒፎርም እሑድ እጠብ። እሷ መስክ ላይ እያለች በየሰዓቱ እየደወልክ ዕቃ የት እንዳለ አትጠይቃት፤ ማታ አንዴ ደውልና ልጆቹን አገናኛት። ስትመለስ ቤት ውስጥ ሳይታጠብ የጠበቃት ዕቃ አይኑር። ይህን ያደረጉ ባሎች አውቃለሁ። ሚስቶቻቸው ዛሬ ቡድን መሪ ናቸው።

ስለ ሥልጠናም ያው ነው። ዕድሉ ለአንተ ከመጣና ከአንተ እኩል ወይም የበለጠ የሚገባት ሴት ካለች ስሟን ጥቀስ። ስሟን በሌለችበት ክፍል ውስጥ በመልካም የሚያነሣላት ሰው ያላት ሴት ጥቂት ናት።

8. ትንኮሳ ስታይ

አዋጅ 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በሥራ ቦታ በግልጽ ከልክሏል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው በሠራተኛዋ ላይ ይህን ከፈጸመ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ የማቋረጥ መብትም ሰጥቷታል። ሕጉ ይህን ያህል ካለ ባልደረባ ምን ያድርግ?

በቦታው ካለህ አቋርጥ። ጠብ አትፍጠር። ወደ ቢሮው ግባና "ፋይሉን ፈልጌሽ ነው፣ ነይ እንሂድ" ማለት ይበቃል። ቀልድ ከሆነ አትሣቅ። "ይህ ቀልድ አይደለም፣ ተው" በለው። ወንድ ለወንድ ሲናገር ይሰማል። ከተማው ውስጥ የሚላከፉ ጓደኞች ካሉህም ቃሉ ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻዋን ስትሆን ጠይቃት፦ "ያየሁትን አይቻለሁ። ምን ባደርግልሽ ይሻልሻል?" የምትልህን ስማ። ሳታማክራት ሄደህ አትክሰስ። እንጀራዋ ነው፣ ስሟ ነው፤ ውሳኔው የእሷ ነው። አንተ ግን ያየኸውን በዚያው ቀን ጻፍ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ እዚያ የነበሩ ሰዎች። የስልክ መልእክት ካላት እንዳታጠፋው ንገራት። ልትከስ ከወሰነች አብረሃት ሂድ፤ ለመመስከርም አትፍራ። ብዙ ጉዳይ የሚወድቀው "አላየሁም፣ አልሰማሁም" በሚሉ ሰዎች ምክንያት ነው።

የሕግ ምክር ለማግኘት ገንዘብ ከሌላት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች በነጻ ይሠራል። የክልሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮም መነሻ ሊሆናት ይችላል።

9. ሰው ሲያወራ

ዕቃ ስታጥብ ያየ ጓደኛ "ሚስቱ የምትነዳው" ይልሃል። አትቆጣ፤ አታስተባብል። "ቤቴን ነው የማጥበው" በልና ወሬውን ቀይር። እናትህ ቅር ካላት ግን ትንሽ ጊዜ ስጣት። አብዛኛዎቹ እናቶች የሚፈሩት ልጃቸው እንዳይናቅ ነው። "እማዬ፣ አንቺ ስትደክሚ አይቼ ነው ያደግኩት" ብትላት ትሰማሃለች።

"ባህላችን አይፈቅድም" ለሚልህም መልስ አለ። ሐይቁን ተሻግረህ ደቅ ደሴት ብትሄድ ናርጋ ሥላሴን ታገኛለህ። ያንን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም አስጠግተው አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ጣና ይህን በደረቱ ይዞ ሴት መምራት ለባህላችን ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

ወንድ ልጅ ካለህ ደግሞ ከ6 ወይም 7 ዓመቱ ጀምሮ የበላበትን ሳህን ይጠብ፤ አልጋውን ያንጥፍ። እህቱን "ውኃ አምጪልኝ" ሲል "ተነሥተህ ቅዳ" በለው። የጥናት ጊዜዋን አትንካባት።

10. ኃላፊ ከሆንክ

በዚህ ሳምንት ማድረግ የምትችላቸው ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹ በጀት አይጠይቁም።

የሴቶችን መጸዳጃ ቤት ራስህ ሄደህ እይ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ውኃ አለው? የሞዴስ መጣያ አለው? ከሌለው ይሟላለት። ቧንቧ በማይሠራበት ቀን እንኳ የሞላ በርሜልና ጣሳ ይቀመጥ። ቁልፉ ከጥበቃ የሚለመን አይሁን።

ስብሰባን ከ10 ሰዓት በኋላ አትጥራ። የግድ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት አስታውቅ።

ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ካለች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንድትሠራ ማድረግም ሆነ የትርፍ ሰዓት ማዘዝ በአዋጅ 1156 የተከለከለ ነው። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበትም በመርሕ ደረጃ አይቻልም። ይህን የፈረቃ አስተባባሪው ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው፤ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች በተለይ።

የሕፃናት ማቆያ ለማቋቋም ትልቅ ሕንፃ አትጠብቅ። አዋጅ 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ የነበረው እናት በአቅራቢያዋ እንድታጠባ ነው። አንድ ንጹሕ ክፍል፣ ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ የሚታጠብበት ውኃና አንዲት ደመወዝ የሚከፈላት ሞግዚት ካለ ይጀመራል። ቢሮዎቹ አንድ ግቢ ውስጥ ከሆኑ ተዋጥታችሁ አንድ አቋቁሙ።

ማታ የሚያመሽ ሥራ ካለ ሰርቪሱ ሴቶቹን ዋናው አስፋልት ላይ ጥሎ አይሂድ። አባይ ማዶ ወይም ዘንዘልማ የምትገባ ሴት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባጃጅ ፍለጋ መቆም የለባትም። ሹፌሩ እስከ በሯ ያድርሳት፤ የሚወስደውን ነዳጅ በወሩ ዕቅድ ውስጥ አስገባ።